የፀሐይ ኃይል ለሚተከልበት ጣራ የታመነ ሥራ ተቋራጭ ስለ መምረጥ

የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን፣ በተለምዶ ሶላር ፓኔል የሚባለውን መሣሪያ በመኖሪያ ቤቱ ጣራ ላይ ለማስተከል የሚያስብ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዛሬ ጥቂት አይደለም። ይልቁንም ከመኖሪያው ጋራ ሱቅ ወይም አነስተኛ የእጅ ሥራ ያለው፣ መብራት ሲቋረጥም ገበያው የሚቋረጥበት ነጋዴ ነገሩን አጥብቆ ይፈልገዋል። ገዢው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ዕቃው ነው። ፓኔሉ ከየት አገር መጣ፣ ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል፣ ኢንቨርተሩ ማቀዝቀዣውንና የእንጀራ ምጣዱን ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕቃ የሚያርፍበትን ጣራ ማን ይበሳዋል፣ ከተበሳ በኋላስ ውኃ ቢያስገባ ተጠያቂው ማን ነው ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ሥራው የሁለት ሙያ ነው። ፓኔሉን የሚያቀርበውና ሽቦውን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ጣራውን የሚያውቀው ደግሞ አናጢው ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ውል ካልተሳሰሩ በመካከላቸው ባዶ ስፍራ ይቀራል፤ ውኃም የሚገባው በዚያ ባዶ ስፍራ ነው። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ነጋዴ በጥር ወር ፓኔል ያስተክላል እንበል። ከጥር እስከ ግንቦት ሁሉም ነገር መልካም ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ገንዘቡም ተከፍሎ አልቋል። በሰኔ መገባደጃ ትልቁ ዝናም ሲጀምር በሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ምልክት ይታያል። ሻጩ ሲጠየቅ «እኛ የተዋዋልነው ስለ ኤሌክትሪኩ ነው፤ ጣራው ድሮም አሮጌ ነበር» ይላል። አናጢው ሲጠራ «የእኔ ሥራ ደኅና ነበር፤ በትራፓኖ የበሱት እነርሱ ናቸው» ይላል። ሁለቱም በከፊል እውነት ይናገሩ ይሆናል። ባለቤቱ ግን በሁለቱ መካከል ባልዲ ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት፣ ለጣራውም ለኤሌክትሪኩም በአንድ ፊርማ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ወይም ድርጅት ነው። ይህ ማለት አንዱ ሰው ሁለቱንም ሙያ ይወቅ ማለት አይደለም። የኤሌክትሪኩ ተቋራጭ አናጢ ቀጥሮ ቢያሠራ፣ ወይም የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያስገባ ነውር የለበትም። ዋናው ነገር ባለቤቱ በሰኔ ወር የሚጠራው አንድ ሰው መሆኑ፣ ያም ሰው «የእኔ ሥራ አይደለም» ለማለት የማይችል መሆኑ ነው። «መትከያው በነፃ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ በዚህ ረገድ ሊመረመር ይገባዋል፤ ዋጋ ያልተነገረለት ሥራ ኃላፊነቱም ሳይነገር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና።

አሁን ወደ ጣራው እንውጣ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤት ጣራ ከእርሱ ተለይቶ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን በብዙ ነባር ቤቶች ላይ የምናገኘው በባሕር ዛፍ ወራጅና ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ባሕር ዛፍ በእርጥብነቱ ከተሠራበት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስማሩም ይላላል። ምስጥና ነቀዝ የገባበትም እንደ ሆነ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ቆርቆሮውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ውፍረቱ በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጁ ጠንካራ ነው፤ ባለ 35 ጌጁ ግን ሰው በጥንቃቄ ካልረገጠው የሚጎደጉድ ስስ ነገር ነው። በገበያ ላይ ብዙዎች በዋጋው ርካሽነት ይህን ስሱን ገዝተው የመቱ በመሆናቸው፣ ባለቤቱ የራሱን ቤት ቆርቆሮ ጌጅ አውቆ ቢገኝ ለተቋራጩም ለራሱም ይጠቅማል።

በዚህ ጣራ ላይ የሚወጣው ሸክም ምን ያህል ነው? በአሁኑ ጊዜ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ፣ 550 ዋት የሚያመነጭ ፓኔል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዐሥሩ ከነተሸካሚ ብረቱ ከሦስት ኩንታል በላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሸክም በ26 ካሬ ሜትር ላይ ስለሚበተን፣ ደኅና የተሠራ ጣራ ያለ ችግር ይሸከመዋል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ክብደት ነው፤ እኛ ግን ይበልጥ የሚያስፈራው ነፋስ ነው እንላለን። ነፋስ በፓኔሉ ሥር ገብቶ ሽቅብ ያነሣል። በሴኮንድ 30 ሜትር የሚሮጥ ነፋስ፣ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ያህል ይገፋል። አንዱ ፓኔል ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ግፊቱ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በስሱ ቆርቆሮ ላይ ብቻ የተያዘ ፓኔል ይህ ሲመጣ ቆርቆሮውን ቀድዶ ይነሣል፤ የሚያርፈውም በጎረቤት ግቢ ወይም በመንገድ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ2077ኛው አንቀጽ፣ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት የሕንፃው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንዲሆን መደንገጉን ማስታወስ ያሻል።

ስለዚህ ተሸካሚው ብረት መያዝ ያለበት በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከቆርቆሮው ሥር ባለው እንጨት፣ ማለት በማገሩ ወይም በሞራሌው ላይ ነው። ቀዳዳውም የሚበሳው በቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ መሆን የለበትም። ማሰሪያው ተራ ምስማር ሳይሆን የጎማ ሮንዴላ ያለው ቪቴ ይሁን፤ ምስማር ነፋስ ባወዛወዘው ቍጥር እየላላ ይሄዳልና። ቪቴው የማይዝግ ብረት ቢሆን የተመረጠ ነው። የመዳብ ሽቦ ወይም የመዳብ ቁራጭ ዚንክ የተቀባውን ቆርቆሮ እየነካ እንዲቀመጥ የሚተው ሠራተኛ ሙያውን አያውቅም፤ ሁለቱ ማዕድኖች እርጥበት ባለበት ሲገናኙ ዚንኩ ይበላል፣ ቆርቆሮውም በጥቂት ክረምት ይበሳል። ሬንጅና ሲልከንን በተመለከተ ደግሞ፣ እነዚህ የሥራው ረዳቶች እንጂ የሥራው መሠረት አይደሉም። «ሲልከን እናደርግበታለን» የሚለው ቃል ለጥያቄ ሁሉ መልስ ሆኖ ሲቀርብ፣ ቀዳዳው ያለ ስፍራው ሊበሳ መሆኑን መጠርጠር ነው።

ሶሌታ ጣራ ያለው ቤት ሌላ ጥያቄ ያመጣል። እዚያ ነፋሱን የሚከላከለው ብረቱን በሲሚንቶ ብሎክ ክብደት መያዝ ሊሆን ስለሚችል፣ የውኃ መከላከያውን ሽፋን ሳይበሱ ሥራውን ለመፈጸም ይቻላል። ብሎኩ ግን ውኃው ወደ አሸንዳ የሚሄድበትን መንገድ እንዳይዘጋ፣ የሶሌታውም አቅም በመሐንዲስ እንዲታይ ያስፈልጋል። በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ጣራው የእርሱ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መገልገያ በመሆኑ፣ ተቋራጭ ከመፈለጉ በፊት የቤት ባለቤቶችን ማኅበር ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። ተከራይም እንደዚሁ የባለቤቱን።

የታመነውን ተቋራጭ ከሌላው ለይቶ ለማወቅ ብዙ ብልኀት አያስፈልግም፤ የሚበዛው የሚታወቀው ዋጋ ከመናገሩ በፊት በሚያደርገው ነገር ነው። በስልክ ስለ ካሬ ሜትሩ ጠይቆ ወዲያው ዋጋ የሚቈርጥ ሰው ጣራውን አላየም፤ ያላየውን ጣራ ሊጠብቅ አይችልም። ጠንቃቃው ሰው መሰላል ይዞ ይመጣል። ሲወጣም እግሩን የሚያሳርፈው ምስማር በተመታበት መስመር ላይ፣ ማለት ሥሩ ማገር ባለበት ነው። ይህን አንድ ነገር ከታች ሆኖ የሚመለከት ባለቤት ከብዙ የምስክር ወረቀት የሚበልጥ ትምህርት ያገኛል። ከዚያም የኮርኒሱን መውጫ ከፍቶ በባትሪ መብራት ወራጁንና ማገሩን ያያል፣ በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ እንጨቱን ይፈትናል፣ የድሮ የውኃ መንገድ እንዳለም ይመረምራል። በመጨረሻም «ጌታዬ፣ ይህ ጣራ ከፓኔሉ በፊት መታደስ አለበት» ለማለት የሚደፍር ነው። ይህ ቃል የሚያስቀይም ቢሆንም ባለቤቱ ሊያመሰግነው ይገባል። ፓኔል 25 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ አምስት ዓመት ዕድሜ በቀረው ጣራ ላይ ከተተከለ፣ ጣራው ሲታደስ ሁሉንም አውርዶ መልሶ ለመስቀል ሁለተኛ ወጪ ይመጣል። በዚህ የተነሣ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የቀድሞ ሥራው ነው። ባለፈው ወር የተፈጸመ ሥራ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሁለት ክረምት ያለፈበትን ጣራ ያሳየን፤ ከተቻለም የቤቱን እመቤት እናነጋግር። ኮርኒሱን ዕለት ዕለት የምታየው እርሷ ናትና፣ ባልየው የማያስታውሰውን ታስታውሳለች።

ወረቀቶቹም አይዘንጉ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ጸንቶ የሚሠራ የንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል፤ የፈቃዱም መደብ መታየት አለበት። ዕቃ ለማስመጣት የተሰጠ ፈቃድ ለሕንፃ ሥራ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። የኤሌክትሪኩን ክፍል የሚሠራው ሰው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ስለ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ሦስት ተቋራጮችን አስቀርቦ ማነጻጸር መልካም ነው፤ ነገር ግን የሦስቱ ዋጋ የሚነጻጸረው የሦስቱም የሥራ ዝርዝር አንድ ሲሆን ብቻ ነው። አንዱ ማገር መለወጥን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ያቀረቡት ዋጋ ጎን ለጎን ቢቀመጥ የሚያስተው እንጂ የሚያስተምር አይሆንም።

የፓኔሉን አቅጣጫ በሚመለከት አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። አንዳንድ ሠራተኛ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ካልዞረ አይሠራም ብሎ በጣራው ላይ ከፍ ያለ ብረት ሊያቆም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ ፀሐይ በቀትር የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ተዳፋትነቱ ባልበዛ ጣራ ላይ ማንኛውም ገጽ ደኅና ብርሃን ያገኛል። ፓኔሉ ከጣራው ጋራ ተስማምቶ፣ ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ቢተኛ ሥሩ አየር ያገኛል፣ ነፋስም እንደ ሸራ አይነፋውም። ለጥቂት ዋት ብሎ ጣራውን የመርከብ ምሰሶ ማድረግ አያዋጣም።

የጣራውና የኤሌክትሪኩ ሥራ የማይነጣጠሉበት ሌላው ምክንያት ከውኃም የከፋ ነው። ፓኔል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቆጣሪውን በመዝጋት አይጠፋም። ብዙ ፓኔሎች በተከታታይ ሲገናኙ ኃይሉ ወደ ብዙ መቶ ቮልት ይደርሳል፤ የቤታችን መብራት 220 ቮልት መሆኑን ስናስብ ነገሩ ቀላል አለመሆኑ ይገባናል። ሽቦው በቆርቆሮው የተሳለ ጠርዝ ላይ ሳይታቀፍ ቢያልፍ፣ ነፋስ እያወዛወዘ ሽፋኑን ይፍቀዋል። በዚያን ጊዜ ጣራው በሙሉ፣ አሸንዳውም ጭምር፣ ኤሌክትሪክ የያዘ ብረት ይሆናል። በአሸንዳው ሥር ዝናም ውኃ በባልዲ የምትቀዳ ልጅ አለች። ስለዚህ ሽቦው በቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ፣ ከቆርቆሮው ጋራ እንዳይተሻሽ፣ የተሸካሚው ብረትና ጣራው ባለሙያዎች ግራውንድ በሚሉት ሽቦ ከመሬት ጋራ እንዲያያዙ በውሉ ውስጥ በግልጥ ይጻፍ። የሽቦ ማያያዣዎቹ ወንዱና ሴቱ የአንድ ፋብሪካ ሥራ ይሁኑ፤ የተለያየ ፋብሪካ ማያያዣ ቢገጥም እንኳ እየጋለ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

በጣራው ላይ ስለሚወጡት ሰዎችም መናገር ያስፈልጋል። ተቋራጩ ውሉን ይፈርማል፤ የሚወጡት ግን ብዙ ጊዜ በዕለቱ ከመንገድ ዳር የተጠሩ ወጣቶች ናቸው። እነማን እንደሚወጡ፣ መታጠቂያ ገመድ እንዳላቸው፣ በስሱ ቆርቆሮ ላይ የሚረግጡበት ጣውላ እንደሚዘረጋ፣ ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪና ካሣውን ማን እንደሚከፍል ባለቤቱ አስቀድሞ ይጠይቅ። የተድበሰበሰ መልስ የሚሰጥ ተቋራጭ በሰው ሕይወት ላይ ቸልተኛ ነው፤ በቆርቆሮም ላይ አይጠነቀቅም። የሥራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት ቢሆን ይመረጣል። የበልግ ዝናም በየካቲትና በመጋቢት ሊመጣ ስለሚችል፣ «ለፋሲካ እናደርሳለን» የሚለው ቀጠሮ ሁልጊዜ አያስተማምንም።

ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም። በውስጡም የቆርቆሮው ጌጅ፣ የሚለወጠው እንጨት ብዛት፣ የቪቴው ዓይነት፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ «በመትከሉ ሥራ ምክንያት በጣራው ላይ ለሚደርስ መፍሰስ ተቋራጩ ኃላፊ ነው» የሚል ቃል ይኑርበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራን በሚመለከተው ክፍሉ፣ በ3039ኛው አንቀጽ፣ ተቋራጩ ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ከርክክቡ ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም ይላል። ሆኖም ይህ የሥራው ዋስትና ነው፤ የፓኔሉና የባትሪው ዋስትና ግን ከሻጩና ከፋብሪካው የሚገኝ ስለሆነ፣ ሁለቱን ለየብቻ በወረቀት መቀበል ያሻል።

አስቀድሞ ስለሚሰጠው ገንዘብ የምናስጠነቅቀው አለን። ብዙ ሰው ይህን ገንዘብ በዘልማድ «ቀብድ» ብሎ ይጽፈዋል። ቀብድ በሕጉ የራሱ ትርጉም አለው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ቀብዱን ለቆ፣ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ ከውሉ ለመውጣት ይችላሉ። ጣራው ተነሥቶ ሳለ ተቋራጩ የተሻለ ሥራ አግኝቶ እጥፉን ከፍሎ ቢሄድ፣ ባለቤቱ ያገኘው ትርፍ ዝናሙን አይመልስለትም። ስለዚህ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ፤ መጠኑም ዕቃ ለመግዛት ከሚያስፈልገው አይብለጥ። ቀሪው ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፈል። ከጠቅላላው ዋጋ አንድ ዐሥረኛው ግን አንድ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ በባለቤቱ እጅ ይቆይ። በሥራው የሚተማመን ተቋራጭ በዚህ አይከፋም፤ የሚከፋውም ቢሆን ምክንያቱን ቢያስረዳ፣ ይኸውም ገንዘቡ ለብዙ ወራት ሲታሰርበት ዋጋውን ጥቂት ከፍ ማድረግ ቢፈልግ፣ ይህ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው።

አለመግባባት ቢነሣ ጉዳዩ በየት እንደሚታይ በውሉ ላይ ይጠቀስ። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው፤ የግልግልና የዕርቅ አሠራርም በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የተደነገገ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ሳሎን ኮርኒስ ጥገና ግልግል መጀመር ወጪው ከጉዳዩ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ለአነስተኛ ሥራ ሁለቱ ወገኖች የሚያምኑትን አንድ መሐንዲስ በስም ጠቅሰው «እርሱ ያየው ይጽና» ብለው ቢዋዋሉ የተሻለ ነው።

ርክክቡ በሁለት ጊዜ ቢሆን እንመክራለን። የመጀመሪያው ሥራው ባለቀ ዕለት ነው። ጣራው ከመሸፈኑ በፊትና በኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ቀዳዳዎቹ ያሉበትን የሚያሳይ ንድፍ፣ የሽቦው መስመርና የዕቃዎቹ ቁጥር ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የሚታይ ጉድለት ካለም በጽሑፍ ይመዘገባል። በአሸንዳው ውስጥ የቀረ የብረት ፍቅፋቂና የተቆረጠ ምስማር ሁሉ ተጠርጎ ይውጣ፤ እርሱ ከዛገ ቆርቆሮውን አብሮ ያዝገዋልና። ሁለተኛው ርክክብ ሐምሌ ከገባ በኋላ፣ ከአንድ ሌሊት ከባድ ዝናም በማግሥቱ ጧት የሚደረገው ነው። ባለቤቱና ተቋራጩ ባትሪ መብራት ይዘው ኮርኒሱ ውስጥ ይገባሉ፤ በንድፉ ላይ የተመለከተውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ከሥሩ ያያሉ፣ እንጨቱን በእጃቸው ይዳስሳሉ። እርጥበት የተገኘበት ስፍራ በጠመኔ ይከበባል፣ የሚታረምበትም ቀን ይቆረጣል። መስከረም ሲጠባ እንጨቱ ደርቆ ከተገኘ ተይዞ የቆየው አንድ ዐሥረኛ ለተቋራጩ ይከፈለዋል።